«ልጅ ነሽ» እና «አርጅተዋል»፦ በሥራ ቦታ የሚታይ የዕድሜ አድልዎና መፍትሔው

መግቢያ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላሉ አበው። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» የሚልም አለ። ሁለቱም ተረቶች ወጣቱን «አርፈህ ቁጭ በል» የሚሉ ናቸው። እኛ ወጣቶችም ታዲያ አናንስም። በየካፌውና በየዶርሙ ስናወራ በዕድሜ የገፋውን ሠራተኛ «ጊዜው ያለፈበት»፣ «ፋራ»፣ «ጡረታውን ይዞ ለምን አያርፍም» ስንል እንውላለን። እነሱ በተረት፣ እኛ በአራዳ ቋንቋ እንናገረው እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ሰውን በሥራው ሳይሆን በዕድሜው መመዘን ነው።

እንደሚታወቀው የእኛ ሙያ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ሰዎች ጎን ለጎን የሚሠሩበት ነው። በአንድ ዝግጅት ክፍል ውስጥ በእጅ ጽፎ ለታይፒስት ይሰጥ የነበረ አንጋፋ ጋዜጠኛና ዜናውን በስልኩ ጽፎ፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ በስልኩ የሚልክ ወጣት አንድ ጠረጴዛ ይጋራሉ። ሁላችንም ተመርቀን የምንገባው እዚያ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከወዲሁ ቢያሳስበን ይሻላል እንጂ ሥራ ከያዝን በኋላ የምንማረው መሆን የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ከንባብ ብቻ ተነስቼ አይደለም። ባለፈው ክረምት በራሴ ጥያቄ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ አድርጌ ነበር። የጋዜጣውን ስም መጥቀስ አስፈላጊ አይደለም፤ የትም ሊሆን የሚችል ነገር ነውና። እዚያ የዕድሜ አድልዎ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። የደረሰብኝም አለ፣ ያደረስኩትም አለ። ከሁለቱ የከበደኝ ያደረስኩት ስለሆነ እሱንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

የዕድሜ አድልዎ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1969 ሮበርት በትለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሰዎች በዕድሜያቸው ምክንያት የሚደርስባቸውን መድልዎ «ኤጂዝም» ብሎ ሰየመው። ስያሜውን የሰጠው በዘርና በፆታ ከሚደረገው መድልዎ ጋር አመሳስሎ ነው። በትለር በዋናነት ያሳሰበው የአረጋውያን ጉዳይ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ግን ቃሉ በወጣቶች ላይ የሚደርሰውንም እንዲጨምር ተደርጓል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዓለም አቀፍ ሪፖርት ይህንን አድልዎ በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛው አስተሳሰብ ነው፤ «ሽማግሌ ኮምፒውተር አይገባውም»፣ «ወጣት ኃላፊነት አይሰማውም» እንደማለት። ሁለተኛው ስሜት ነው፤ ከዚያ ሰው ጋር ለመሥራት ልብ አለመፍቀድ፣ መሰላቸት፣ መናቅ። ሦስተኛው ድርጊት ነው፤ አለመቅጠር፣ ሥራ አለመስጠት፣ ከስብሰባ ማስቀረት። ይኸው ሪፖርት በዓለም ላይ ከሁለት ሰዎች አንዱ በአረጋውያን ላይ አድሏዊ አመለካከት እንዳለው ይገልጻል። በአውሮፓ ደግሞ የዕድሜ አድልዎ ደረሰብን የሚሉት ከሌላው የዕድሜ ክልል ይልቅ ወጣቶች መሆናቸውን ያመለክታል። እንግዲህ በሽታው በሁለቱም ጫፍ አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ዕድሜን ያነሳ ሁሉ አድልዎ አይደለም። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ይህ ልጆችን ለመጠበቅ የወጣ ነው። በ60 ዓመት ጡረታ መውጣትም በሕግ የተቀመጠ ነው። አድልዎ የሚሆነው አንድ ሰው መሥራት የሚችለውን ሥራ፣ ሳይፈተንና ሳይጠየቅ፣ ዕድሜው ብቻ ታይቶ «አይችልም» ሲባል ነው።

ያየሁትና ያደረግሁት

ልምምድ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት በኤዲቶሪያል ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ተኮልኩለው የሚያነቡ ሥራ ፈላጊዎችን በተመለከተ ዘገባ ልሥራ አልኩ። ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ እያለ የታክሲ ከፍለው ለምን ይመጣሉ የሚለውን መጠየቅ ፈልጌ ነበር። ገና ሳልጨርስ ከክፍሉ በዕድሜ የሚበልጡት አዘጋጅ ፈገግ ብለው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ መጀመሪያ ዜና መጻፍ ልመጂ» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? በአራተኛው ሳምንት ያንኑ ሐሳብ ዐሥር ዓመት የሠራ ሪፖርተር ሲያቀርበው «ግሩም ነው፣ ሂድበት» ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብሰባ ላይ አፌን አልከፈትኩም። ቆይቶም ልምምድ ላይ ያለን ልጆች ወደ ስብሰባው ባንገባ እንደሚሻል ተነገረን። ወር ሳይሞላ ደግሞ «የዘንድሮ ተለማማጆች ስለ ቤቱ አሠራር ምንም አያውቁም» ሲባል ሰማሁ። ከየት እንወቀው? አሠራሩ የሚወራው ስብሰባው ውስጥ ነው።

አሁን ወደ እኚያ አዘጋጅ ልመለስ። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። 59 ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ጥቂት ጊዜ ነበር። ክብር አላቸው፤ ሲገቡ ወንበር ይለቀቅላቸዋል፣ «አንቱ» ይባላሉ፣ ማኪያቶ ይታዘዝላቸዋል። ሥራ ግን አይሰጣቸውም። የቀራቸው «ታሪክ በዚህ ሳምንት» የሚለው ዓምድ ያለበት አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቅ «እሳቸው አይሳተፉም እኮ» ተባልኩ። በኋላ እንደገባኝ የሥራ ድልድሉ የሚላከው በቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ ጋሼ የሚይዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሆነ ግሩፑ ውስጥ የሉም። ማንም ሰው ደውሎ ወይም ጠረጴዛቸው ድረስ ሄዶ የነገራቸው የለም። ስለዚህ ድልድሉን አያውቁም፤ ካላወቁ አይገኙም፤ ካልተገኙ «አይሳተፉም»።

ልብ በሉ፤ የእኔና የጋሼ ታሪክ አንድ ዓይነት ነው። እኔን ከስብሰባ አስወጥተው «አታውቅም» አሉኝ፣ እሳቸውን ከግሩፕ አስቀርተው «አይሳተፉም» አሏቸው። አድልዎ አስቀድሞ በሩን ይዘጋል፤ ከዚያ ደጅ የቀረውን ሰው «ይኸው አልገባም» ብሎ ይከሰዋል። እኔ ግን ያኔ ይህ አልታየኝም። የታየኝ የተሳቀብኝ ሳቅ ብቻ ነበር፤ ቂም ይዣለሁ።

የአዲስ ዓመት እትም ሲዘጋጅ ያንን የታሪክ ዓምድ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ገጹ የጋሼ ስለሆነ እሳቸው አይተው ነበር መሄድ ያለበት። የመረጥኩት የአፄ ኃይለ ሥላሴን ከሥልጣን መውረድ ነው። ኢንተርኔት ላይ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 ብሎ አገኘሁት። ወደ እኛ ለመቀየር ስምንት ቀነስኩና «መስከረም 2 ቀን 1966 ዓ.ም.» ብዬ ጻፍኩ። «የካቲት 66» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምሰማ 66 ስል ምንም አልጎረበጠኝም። ጋሼ ጋ ብወስደው በቀይ እስክሪብቶ ሲያቃጥሉኝ ይውላሉ ብዬ፣ ደግሞም «እሳቸው እስኪያነቡ ማተሚያ ቤት ይዘጋል» ብዬ፣ ጽሑፉን በቀጥታ ለገጽ ቅንብር ባለሙያው በቴሌግራም ላክሁለት። «ጋሼ አይተውታል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ዋሸሁ።

ጋዜጣው ወጣ። ስልኩ መጮህ ጀመረ። ትልልቅ ሰዎች ናቸው የሚደውሉት፤ «ንጉሡ የወረዱት በ67 ነው፤ እናንተ የት ነበራችሁ?» ይላሉ። ስህተቱ ቀላል ነበር። ከመስከረም አንስቶ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ፣ ማለትም የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ፣ የሚቀነሰው ሰባት እንጂ ስምንት አይደለም። ስምንት የሚቀነሰው ከጃንዋሪ 1 በኋላ እስከ እኛ ዓመት መጨረሻ ነው። ለዚህ ነው ማርች 1 ቀን 1896 የተካሄደው የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 የሚሆነው፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 ደግሞ መስከረም 2 ቀን 1967። አብዮቱ የፈነዳው በየካቲት 1966፣ ንጉሡ የወረዱት በመስከረም 1967 ነው። በመካከሉ ዓመት ተለውጧል። ይህን ማንኛውም የታሪክ ተማሪ ያውቀዋል፤ ጋሼ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቁታል።

ከስህተቱ ይልቅ ያመመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ገጹ ግርጌ ላይ «አዘጋጅ» ተብሎ የተጻፈው የጋሼ ስም ነው። በኮሪደሩ የሚወራው ወዲያው ተለወጠ። «አርጅተዋል እኮ፣ ማየት ተስኗቸዋል»፣ «ይህን ያህል ዓመት ሠርተው 66ና 67 ይጠፋቸዋል?»፣ «በጊዜ ቢያርፉ ጥሩ ነበር» ተባለ። አንድ ሰው እንኳን «ማን ነው የጻፈው?» ብሎ አልጠየቀም። የ21 ዓመት ልጅ ስህተት በ59 ዓመት ሰው ዕድሜ ላይ ተለጠፈ፤ ምክንያቱም ሰዉ አስቀድሞ ያመነበትን ነገር የሚያረጋግጥ ማስረጃ ሲጠብቅ ነበር። ጋሼ ገጹን አይተው ዝም አሉ። ዋና አዘጋጁ ሲጠይቋቸው «በእኔ ገጽ ነው የወጣው፤ እርማቱን እኔ እጽፋለሁ» ብቻ ነው ያሉት። እንዳላዩት ያውቃሉ። የማን ጽሑፍ እንደሆነም ያውቃሉ።

እኔ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ሁለቱን ቀን ምግብ አልበላ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዋና አዘጋጁ ቢሮ ገብቼ እውነቱን ተናገርኩ። ከዚያ ጋሼ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ። «ያን ቀን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ሬዲዮኑ ላይ ጆሮውን ደፍቶ ማንንም አላናግር ብሎ ነበር። ንጉሡን በቮልስዋገን ወሰዷቸው ሲባል እናቴ አለቀሰች። ይህን ቀን እኔ በቁጥር አይደለም የማውቀው» አሉ። ቀጥለውም «ለምን እንዳላሳየሽኝ አልጠይቅሽም። ስብሰባ ላይ ያልኩሽን እኔም አስታውሳለሁ። እሱ የእኔ ጥፋት ነው» አሉኝ። ከዚህ በላይ ምንም አልተባባልንም።

ከየት ይመጣል?

ይህ ነገር የእኔና የጋሼ ጠባይ ብቻ ውጤት አይመስለኝም። ሌሎች ቦታዎችም ያለው ምክንያት ተመሳሳይ ነው።

አንደኛው ምክንያት አስተዳደጋችን ነው። ታላቅን ማክበር ትልቅ እሴታችን ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን አክብሮትን ከመስማት ጋር እናምታታዋለን። ለሽማግሌ ወንበር እንለቃለን፣ ሐሳቡን ግን አንጠይቅም። ታናሽንም «ልጄ» ብለን እንወዳለን፣ ሥራ ግን አናምነውም። ፍቅሩም አክብሮቱም እውነተኛ ስለሆነ አድልዎ መሆኑ አይታወቀንም። ጋሼን ማንም አልሰደባቸውም፤ እኔንም ማንም አልጠላኝም። ሁለታችንም ግን ከሥራው ውጪ ነበርን።

ሁለተኛው የመገናኛ መንገዱ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት መረጃውን በአንድ መንገድ ብቻ ካስተላለፈ ያንን መንገድ የማይጠቀም ሁሉ ይቀራል። ትናንት መረጃው የሚገኘው ከአለቆች ጋር ሻይ ከሚጠጣው ሰው ነበር፤ ወጣቱ ይቀር ነበር። ዛሬ ግሩፕ ላይ ነው፤ አንጋፋው ይቀራል።

ሦስተኛው የሥራ እጥረት ነው። የሥራ ማስታወቂያዎችን ተመልከቱ። አንዱ «ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» ይላል፤ ጎኑ የተለጠፈው «5 ዓመትና ከዚያ በላይ የሥራ ልምድ» ይላል። «0 ዓመት» የሚለው ማስታወቂያ ሲገኝ ሰዉ ይጋፋል። በዚህ ሁኔታ ወጣቱ «ሽማግሌው ካልወጣ እኔ አልገባም» ብሎ ያስባል፤ አንጋፋው ደግሞ «ይህ ልጅ የመጣው ሊተካኝ ነው» ብሎ የሚያውቀውን ይደብቃል። የሁለቱም ፍርሃት እንጀራ ነው። ስለዚህ በምክር ብቻ የሚፈታ አይደለም።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። ዘርን፣ ቀለምን፣ ፆታን፣ ቋንቋን፣ ሃይማኖትንና ሌሎችንም ከዘረዘረ በኋላ «ወይም በሌላ አቋም ምክንያት» ልዩነት እንዳይደረግ ይላል። ዕድሜ በስሙ አልተጠራም፤ «በሌላ አቋም» በሚለው ውስጥ ይገባል ብሎ መከራከር ግን ይቻላል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ሲከለክል አንዳንዶቹን ምክንያቶች ከዘረዘረ በኋላ ለሌሎች ምክንያቶችም በሩን ክፍት ያደርጋል።

በሌላ አገር የተለየ መንገድ የተከተሉ አሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1967 በሥራ ላይ የሚደረግ የዕድሜ መድልዎን የሚከለክል ራሱን የቻለ ሕግ አወጣች። የሚጠብቀው ግን ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን ነው። ይህን ሕግ ጠቅሶ አንድ የ25 ዓመት ወጣት «ልጅ ነህ ተብዬ ተከለከልኩ» ቢል አይሰማም። ከዚህ የምንማረው ሕግ ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን እንደማይበቃ ነው። በኮሪደር የሚወራውን «አርጅተዋል»ና በስብሰባ የሚሳቀውን ሳቅ የትኛውም አንቀጽ አይደርስበትም።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

የዓለም የጤና ድርጅት ሪፖርት ሦስት መንገዶችን ያቀርባል፤ ሕግና ፖሊሲ፣ ትምህርት፣ እንዲሁም የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ሰዎች የሚገናኙበትን ሁኔታ መፍጠር። ሦስተኛው ላይ ማተኮር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እኛ ተማሪዎች ነገ ዴስካችን ላይ ልናደርገው የምንችለው እሱን ስለሆነ ነው።

መገናኘት ሲባል ግን ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ አይደለም። እኔና ጋሼ አምስት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ለወር ያህል ተቀምጠናል፤ ምንም አልረዳንም። ጎርደን ኦልፖርት የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ጭፍን ጥላቻ ባሳተመው መጽሐፉ፣ የተለያዩ ወገኖች መገናኘታቸው ጥላቻን የሚቀንሰው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው ብሏል። ኦልፖርት የጻፈው በዋናነት ስለ ዘር ቢሆንም ለእኛም ጉዳይ ይሠራል።

1. በዚያ ሥራ ላይ እኩል መሆን። አንዱ አስተማሪ ሌላው ተላላኪ ከሆነ አይሠራም። ከእርማቱ በኋላ ዋና አዘጋጁ እኔንና ጋሼን በአንድ ገጽ ላይ አጣመሩን። እሳቸው የእኔን ጽሑፍ ያርማሉ፤ እኔም የእሳቸውን አነባለሁ። የመጀመሪያ ቀን ጽሑፋቸው ላይ ምልክት ማድረግ አፍሬ ባዶውን ስመልስላቸው «ይኸ ዓረፍተ ነገር ለአንቺ ዕድሜ ሰው ይገባዋል?» አሉኝ። አይገባም ነበር። አስተካከልነው።

2. የጋራ ግብ መኖር። የእኛ ግብ ገጹ ያለ ስህተት ሐሙስ ማታ ማተሚያ ቤት እንዲደርስ ነው። ግቡ «ወጣቱን እናሠልጥን» ወይም «አረጋውያንን እናክብር» ቢሆን ኖሮ አንዳችን ተረጂ እንሆን ነበር።

3. አንዱ ያለ ሌላው መጨረስ አለመቻል። የአንድ ጡረተኛ አርቲስትን ቃለ መጠይቅ አብረን ሠራን። ማንን እንደምንጠይቅና ምን እንደምንጠይቅ ጋሼ ያውቃሉ፤ ድምፁን በስልክ ቀርፄ፣ ገልብጬ፣ ፎቶውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እኔ ብቻዬን ብሄድ ሰውየው በር አይከፍቱልኝም ነበር። እሳቸው ብቻቸውን ቢሄዱ ጽሑፉ በዚያ ሳምንት አይደርስም ነበር።

4. የአለቃ ድጋፍ። ይህ ወሳኝ ነው። ዋና አዘጋጁ ሁለት ትንንሽ ነገሮችን አዘዙ። የሥራ ድልድሉ ግሩፕ ላይ ከመለጠፉ በተጨማሪ በወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ፤ ማንኛውም ገጽ ሁለት ሰው አንብቦ ሳይፈርምበት እንዳይወጣ። ለዚህ ምንም በጀት አላስፈለገም። ጋሼ ድልድሉን ባነበቡበት ሳምንት ለሁለት ሥራ «እኔ እወስደዋለሁ» ብለዋል። «አይሳተፉም» የተባሉት ሰው ናቸው እንግዲህ።

ከዚህ ሌላ በግል ልናደርገው የምንችለው አለ። ስለ ሥራ ባልደረባ ስንናገር «ወጣት ነው» ወይም «ሽማግሌ ነው» ከማለታችን በፊት ሥራውን ለይተን እንጥራ። «ጋሼ ቴክኖሎጂ አይችሉም» አይባልም፤ «ጋሼ ቴሌግራም አይጠቀሙም» ይባላል። ሁለተኛው በግማሽ ሰዓት ሊፈታ ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን ፍርድ ነው። «ልጅቷ አትችልም» ከማለትም «ልጅቷ ቀን መቀየር አልተማረችም» ይሻላል። ይህም በግማሽ ሰዓት ይፈታል። ስህተት ሲገኝ ደግሞ «ስንት ዓመቱ ነው?» ሳይሆን «ሥራው በማን እጅ አልፎ መጣ?» ብለን እንጠይቅ። ለጋዜጠኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ምንጭን ማጣራት ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ሽማግሌው በእርግጥ ደክሞ ቢሆንስ? ወጣቱ በእርግጥ ግዴለሽ ቢሆንስ?» የሚሉ ይኖራሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የደከመ ሰው አለ፤ ግዴለሽም አለ። ግን በ30 ዓመቱ የደከመ፣ በ55 ዓመቱ ግዴለሽ የሆነ ሰውም አይቻለሁ። ሥራው ከተመዘነ የደከመው ይታወቃል። ዕድሜው ብቻ ከተመዘነ ግን የማይደክመውም አብሮ ይጣላል።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ልምምዴን ስጨርስ ተለማማጆች አሁንም ስብሰባ አይገቡም ነበር። ኮሪደሩ ላይም ስለ ጋሼ ያወሩ ከነበሩት መካከል ይቅርታ የጠየቀ ሰው አላየሁም። ነገር ግን አንድ ገጽ ላይ፣ ለጥቂት ሳምንታት፣ ማንም ዕድሜያችንን ሳያነሳ ሠርተናል። ስህተትም አልወጣብንም።

ማጠቃለያ

የዕድሜ አድልዎ ከሌሎቹ አድልዎች የሚለየው አንድ ነገር አለው። ዛሬ የሚያደርሰው ሰው ነገ ይደርስበታል። ወንድ ሆኖ ሴትን የናቀ ሰው ሴት ሆኖ አይነቃም። ሽማግሌን የናቀ ወጣት ግን ዕድሜ ከሰጠው ሽማግሌ መሆኑ አይቀርም። ወጣትን የሚንቀው ሽማግሌም ትናንት «ልጅ ነህ» ተብሎ የተገፋ ነበር። ጋሼ አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ፣ ሥራ የጀመሩ ጊዜ የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን አለቃቸው ሳያነቡ መሳቢያ ውስጥ እንደከተቱት ነግረውኛል። ያንን ተረት የሰሙት ከእኚሁ አለቃ ነበር። እሳቸው ለእኔ አሉት። እኔ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለአንዲት ተለማማጅ እንዳልለው እፈራለሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ያን ጊዜ የሚያስታውሰኝ ወረቀት እንዲኖር።

ለክፍል ውይይት እንዲረዳ የሚከተሉትን ጥያቄዎች አንስቼ ላብቃ።

1. ባለፉት ሳምንታት ስለ አንድ መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ዕድሜ ቀልደህ ወይም ቀልደሽ ከሆነ፣ ቀልዱ ስለ ሥራው ነበር ወይስ ስለ ዕድሜው?
2. የክፍላችን መረጃ በግሩፕ ብቻ ሲተላለፍ የሚቀር ማን ነው?
3. «ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ለጋዜጣችሁ ቢመጣ ታትሙታላችሁ? ለምን?
4. እኔ ሁለቱን ቀን ዝም ስል ጋሼም ዝም ብለው ነበር። የእሳቸው ዝምታ ትክክል ነበር ትላላችሁ?

በመጨረሻው ጥያቄ ላይ እኔ ራሴ እስካሁን አልወሰንኩም። ቸር እንሰንብት!